ቄስ ጉዲና ቱምሳ መሸሽ ነበረባቸው? ወይስ ልክ ነበሩ?

ያሬድ ዘሰሚት (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተምረን ነበር። ትምህርቱ አለቀ፣ ጸለይን፣ ሻይ ጠጥተን ተበተንን። እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቄስ ጉዲና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለቴ አስሮ ፈታቸው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ፣ ኡራኤል ካለችው መካነ ኢየሱስ የምሽት ፕሮግራም ጨርሰው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። ወይዘሮ ፀሐይን ከተማው ዳር ጥለዋቸው ሄዱ። እሳቸውን በዚያው ሌሊት አንቀው ገደሏቸው። ዕድሜያቸው 50 ነበር። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ከመገደላቸው በፊት ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተገኝቶላቸው ነበር። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሊቀበሏቸው ፈቃደኛ ነበሩ። አልሄድም አሉ። መምህራችን «ታማኝነት ማለት ይሄ ነው» ብለው አለፉ። ቆይ፣ ቢሄዱ ኖሮስ? ከሃዲ ይባሉ ነበር? በውጭ ሆነው ለታሰሩት ቢጮኹ አይሻልም ነበር? በቅንነት ነው የምጠይቀው።

ሲፈን

ለምን አልሄድም እንዳሉ መምህራችሁ አልነገሯችሁም እንዴ? ነገሩ ያለው እኮ እዚያ ላይ ነው።

ያ ጊዜ በየገጠሩ ወንጌላውያን የሚታሰሩበት፣ ጸሎት ቤት የሚታሸግበት ጊዜ ነበር። በተለይ ወለጋ። ቄስ ጉዲና ደግሞ ለእነዚያ አገልጋዮች ደጋግመው «ቦታችሁን አትልቀቁ» እያሉ የለመኑ ሰው ናቸው። ታንዛኒያ ሲባሉ የመለሱት ይህንኑ ነው። ቄሶቼን ቆዩ እያልኩ እኔ በፈተና ሰዓት መንጋዬን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ፣ ነው ያሉት። ከዚያ 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥15ን ጠቀሱ። በሕይወት ያሉት ለእነርሱ ለሞተው እንጂ ወደ ፊት ለራሳቸው እንዳይኖሩ የሚለውን።

ለእኔ ታማኝነታቸው ሞትን አለመፍራታቸው አይደለም። ሌላውን የጠየቁትን ነገር ከራሳቸው ላይ አለመቀነሳቸው ነው። ጎንደርም ሆነ ጊምቢ ላለ ምስኪን ወንጌላዊ አውሮፕላን የሚልክለት ፕሬዚዳንት የለም።

ባለሱቁ

ሲፈን፣ ንግግሩ ያምራል። ግን እስቲ መጽሐፉን እንክፈት።

ጌታ ራሱ «በአንዲቱም ከተማ መከራ ሲያሳዩአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ» ብሏል። ማቴዎስ 10፥23። ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት ወርዶ አምልጧል። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቷል። ሕፃኑ ኢየሱስ ግብፅ ተሰዷል። ሽሽት ኃጢአት ከሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ንጹሕ ሰው አናገኝም።

ሌላው። ወይዘሮ ፀሐይ ከወራት በኋላ ተይዘው አሥር ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታስረዋል። ወፌ ላላ ተሰቅለው ተገርፈዋል። ልጆቹ ያለ አባትም ያለ እናትም ቀሩ። ሁላችንም ስለ እሳቸው ጽናት እንሰብካለን። የጽናቱን ዕዳ ማን ከፈለ ሲባል ግን ዝም እንላለን። ቄስ ጉዲናን አከብራለሁ፣ እንዳይመስላችሁ። ግን «አልሄድም» ማለት ሁልጊዜ ከ«እሄዳለሁ» የበለጠ ቅዱስ ነው የሚለውን አልገዛም።

እትዬ አልማዝ

ልጆቼ፣ ከመድረኩ ዕድሜዬ ሳይበልጥ አይቀርም። እኔ ያኔ ሃይስኩል ነበርኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቀበሌ ስብሰባ የሚጠራው እሁድ ጠዋት ነው። ሆን ተብሎ። ከቀረህ ስምህ ይያዛል። ከሄድክ ደግሞ ግራ እጅህን አንስተህ መፈክር በል ትባላለህ። «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» እኛን የቸገረን ያቺ «ከሁሉም በላይ» የምትለዋ ናት። አብዮቱን ጠልተን አልነበረም። ከእኛ መሃል መሬት ለአራሹ ሲባል እልል ያለ ብዙ ነው። አንዳንዱ እጁን ያነሳና አፉን ሳይከፍት ይቆማል። አንዳንዱ ብሎት ቤቱ ገብቶ ያለቅሳል። አንዳንዱ ጭራሽ እጁን አያነሳም፣ እሱን ይወስዱታል። ዛሬም በማንኛቸውም ላይ አልፈርድም።

ስማችን ጴንጤ ነበር። ስድብ ነው፣ ያኔ ማንም ራሱን እንዲያ አይጠራም። መጤ ሃይማኖት፣ ፀረ አብዮት፣ የሲአይኤ ተላላኪ። እኔ ሲአይኤ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር፣ ሂሳብ እየወደቅኩ የተቸገርኩ ልጅ ነኝ። በመጋቢት 1969 ብስራተ ወንጌል ራዲዮ ተወረሰ። ጠዋት ጠዋት ስብከት እንሰማበት የነበረው ጣቢያ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። አባቴ ራዲዮኑን አጥፍተው «እንግዲህ ራሳችን እናንብብ» አሉ።

ከዚያ በኋላ በየቤቱ ነው። አንድ አንድ እያልን እንገባለን፣ አንድ አንድ እያልን እንወጣለን። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ቡና ላይ ነን ብሎ እንዲያስብ። መዝሙር በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ መዘመር ከባድ ነው፣ ሞክሩት።

ቄስ ጉዲና ታፈኑ ሲባል መንግሥት እኛ አልያዝናቸውም አለ። ስለዚህ ሐዘን አልተቀመጥንም። ይኖራሉ እያልን ነው የጸለይነው። አሥራ ሦስት ዓመት! ማን እንደሸሸ፣ ማን እንዳልሸሸ ስትከራከሩ ይህንንም አስቡት።

አብርሽ

እትዬ አልማዝ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን። ይሄን መጻፍ አለብዎት በእውነት።

ዘሚኒሶታ

ቄስ ጉዲና የተማሩበት ሉተር ሴሚናሪ ሴንት ፖል ነው፤ እኔ ከምኖርበት ሩቅ አይደለም። እዚህ ያለን አበሾች፣ በተለይ የወለጋ ልጆች፣ ስማቸውን ሳናነሳ የምንውልበት ጉባኤ የለም። ያም ሆኖ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው አሟሟታቸውን ነው። የጻፉትን ግን ጥቂት ሰው ነው ያነበበው። ያሬድ፣ ለጥያቄህ መልሱ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

አንደኛ፣ ሰውየው መንግሥት ሁሉ ጠላቴ ነው የሚሉ ሰው አልነበሩም። ቦጂ ተወልደው፣ ነጆ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ነቀምት ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ሠርተዋል። ድህነትን ያውቁታል። በ1964 ቤተ ክርስቲያናቸው ለሉተራን ዓለም ፌደሬሽን የላከችው ደብዳቤ አለ፤ ከጀርባው እሳቸው ናቸው። ምዕራባውያን ለጋሾች ያኔ ገንዘብ የሚሰጡት ለልማት ብቻ ነበር። ለስብከት ስትላቸው ፊት ያዞራሉ። ደብዳቤው ሰውን ሁለት ቦታ አትቁረጡት ይላል። ነፍስ ለብቻ፣ ሆድ ለብቻ የለም። ሰው አንድ ነው። ይህን የጻፈ ሰው ለድሃ ግድ የለውም ብሎ ደርግ ሊከሰው አይችልም።

አብዮቱ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያኗ ለውጡን ደግፋ መልእክት አስተላልፋለች። አንድ አጥር ግን አጠረች። ርዕዮተ ዓለም ፍጹም ሊሆን አይችልም፣ ሙሉ ታዛዥነት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው አለች። እትዬ አልማዝ ያሉት «ከሁሉም በላይ» ማለት ይኸው ነው። ቄሱ በወረቀት፣ የሃይስኩሏ ልጅ በቀበሌ አዳራሽ።

ሁለተኛ፣ ባለሱቁ ይህን ስማ። በተገደሉበት ዓመት ስለ ክርስቲያን ኃላፊነት አንድ ጽሑፍ ጽፈዋል። እዚያ ላይ ክርስቲያን ነገር አያባብስም፣ ሰማዕትነትንም አያሳድድም ይላሉ። ክርስቲያን መሆን ለራስ ታሪክ የሚሠራ ጀግና መሆን አይደለም። እንደ በግ ለመታረድ የሚሄደው የጠራው አምላክ ፈቃድ መሆኑን ሲያውቅ ብቻ ነው። ይህን የጻፉት ለሌላ ሰው ምክር ብለው አይመስለኝም። ከራሳቸው ጋር እየተሟገቱ ነበር። ታስረው ተፈትተዋል፣ ቀጣዩን ያውቁታል።

ስለዚህ መሸሽ ኃጢአት ነው አላሉም። እኔ አልሸሽም አሉ። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ባለሱቁ

ዘሚኒሶታ፣ ጽሑፉን አላውቀውም ነበር። አመሰግናለሁ። ግን ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ፈቃዱ መሆኑን ማን ነው የሚያውቀው? የሚሄደውም ፈቃዱ ነው ይላል፣ የሚቀረውም።

ተዋሕዶ ነኝ

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እዚህ የመጣሁት በሊንክ ነው። አትቆጡኝ።

ይህ ታሪክ የእናንተ ብቻ አይደለም። ፓትርያርካችን ብፁዕ አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ በየካቲት 1968 ከመንበራቸው አወረደ። ካነሳባቸው ክስ አንዱ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳት መሾማቸው ነበር። አስቡት፣ ፓትርያርክ ጳጳስ ለመሾም ወታደር ሊያስፈቅድ! ሦስት ዓመት ከመንፈቅ አስረዋቸው በ1971 ክረምት አንቀው ገደሏቸው። ቄስ ጉዲና በተገደሉ ሳምንታት ውስጥ። አጽማቸውም የተገኘው የቄስ ጉዲና አጽም በተገኘበት በዚያው በራስ አሥራተ ካሳ ግቢ ነው። ራስ አሥራተ ራሳቸው ደግሞ ኅዳር 1967 ከተረሸኑት ስድሳዎቹ አንዱ ናቸው። ደርግ ባለቤቱን ገድሎ ግቢውን መቃብር አደረገው።

የእኛው ፓትርያርክ እና የእናንተው ቄስ በሕይወት ሳሉ ስንቴ አብረው ቡና እንደጠጡ እንጃ። እኛ ልጆቻቸው ግን እስከዛሬ በዩቲዩብ ኮሜንት እንሰዳደባለን።

ሲፈን

ተዋሕዶ፣ ቤትህ ነው፣ ማን ይቆጣሃል። አንድ ነገር ልጨምርልህ። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት እንዲተባበሩ ምክር ቤት ሲቋቋም ሰብሳቢው ቄስ ጉዲና ነበሩ። ለየብቻ እንደምንመታ ገብቷቸው ነበር። አቡነ ቴዎፍሎስም በጎፋ ገብርኤል ነው ያረፉት፣ አይደል?

ተዋሕዶ ነኝ

አዎ ጎፋ ገብርኤል። ራሳቸው ያሠሩት ነው።

ጎሹ 12

ሁሉም ፖለቲካ ነው። ወንድማቸው ኦነግ ነበር። ደርግ የገደላቸው ለዚያ ነው፣ ሃይማኖት ምናምን አትበሉን።

ኦቦ ገመቹ

ጎሹ፣ ቀስ በል ወንድሜ። ባሮ ቱምሳ ከኦነግ መሥራቾች አንዱ መሆኑን ማንም አልደበቀም። ደርግ በዚያ ምክንያት ቄሱን በጥርጣሬ ማየቱም አይገርምም። ግን ወንድምን በወንድም መግደል ፍርድ ነው እንዴ? ሁለት ወንድማማቾች ከአንድ ቤት ወጥተው አንዱ በረሃ ገባ፣ አንዱ መድረክ ላይ ቀረ። የቀረው ስለቀረ ነው የሞተው። ፖለቲካ ቢፈልጉ ኖሮ ባሮ መንገዱን ያውቀው ነበር።

በነገራችን ላይ «በሃይማኖቱ ሳይሆን በፖለቲካ ነው» የሚለው ንግግር ያኔም የደርግ ንግግር ነበር። ማንም መንግሥት «በእምነቱ ገደልኩት» ብሎ አያውቅም። ሁልጊዜ ሌላ ስም አለው።

ጎሹ 12

እሺ ግን ዛሬ ለብሔር ፖለቲካ የሚጠቀሙባቸው ሰዎች የሉም?

ኦቦ ገመቹ

አሉ። ቄሱ ግን ሞተዋል፣ እምቢ ማለት አይችሉም።

አወያይ

ወደ ብሔር ክርክር እየሄደ ነው። ከጥያቄው ሳትወጡ ቀጥሉ። ሁለት መልእክት አጥፍቻለሁ።

ተስፋዬ የናዝሬቱ

ስለ ደርግ ብቻ አታውሩ እንጂ። ጃንሆይስ? ሙሉ ወንጌል በ1959 ለመመዝገብ ጠይቃ ተከለከለች። በነሐሴ 1964 ጸሎት ላይ ሳሉ ከ200 በላይ ሰው በአንድ ቀን ታፍሷል። ደርግ ሲመጣ «አሁንስ ነፃ ወጣን» ያሉ ጴንጤዎች ነበሩ። ለአንድ ሁለት ዓመት እውነትም መሰለ።

እኔ ከመሠረተ ክርስቶስ ነኝ። የኛ ታሪክ ለባለሱቁ ይመቸዋል። በ1974 ጥር ላይ ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን ዘጋ፣ ሕንፃና ገንዘቡን ወሰደ፣ መሪዎቹን አሰረ። አራት ዓመት ያህል ታሰሩ። ቤተ ክርስቲያኗ ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ከ34,000 በላይ። መድረክ የለ፣ ማይክ የለ፣ መሪ የለ። ያሳደጓት የቤት እመቤቶችና ተማሪዎች ናቸው። ትንሽ ትንሽ ቡድን፣ አምስት ስድስት ሰው፣ ከዚያ ትከፈላለች።

ባለሱቁ

ተስፋዬ፣ እኔ የምለውን አልክልኝ! መሪ ሳይኖር ሰባት እጥፍ ካደገች፣ ቄስ ጉዲና ዳሬሰላም ቢቀመጡ ምን ይጎድል ነበር? በሕይወት ይኖሩ ነበር። በ1984 መጥተው ያስተምሩን ነበር። እንዲያ ያለ ጭንቅላት ስንት አለን?

ተስፋዬ የናዝሬቱ

ጥሩ፣ ግን አንዲት ነገር ዘለልክ። የኛ መሪዎች የት ነበሩ? እስር ቤት። ሰው ያንን እያየ ነው የጸናው። ያቺ የቤት እመቤት ቤቷን ስትከፍት «ሽማግሌዎቹ ታስረዋል፣ እኔ ምን ብዬ እፈራለሁ» ነው የምትል። ስልክ የሚደውልላት ከናይሮቢ ቢሆን ኖሮ ትከፍት ነበር? እኔንጃ። ራሴን ሳስበው የምከፍት አይመስለኝም።

ሩት ከጅዳ

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። እኔ የምኖረው ጅዳ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 እዚህ 35 ኢትዮጵያውያን ጸሎት ላይ ሳሉ ተይዘው ነበር። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ወራት ታስረው ወደ አገር ተባረሩ። እኔ ያኔ አልመጣሁም። የመጣሁ ቀን ግን ቀድመው የመጡ ሴቶች መጀመሪያ የነገሩኝ እሱን ነው፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ስለማውጣት ከመንገራቸው በፊት።

የኛ ሰባኪ የሚባል ሰው የለም። የቤት ሠራተኛ ናት የምታስተምረን፣ አርብ ስትፈቀድላት ትመጣለች። አንዳንዴ «ሂጂ፣ አገርሽ ግቢ፣ አንቺ ከተያዝሽ እኛም እንያዛለን» እንላታለን። ሳትስቅ አትመልስም። ስለዚህ መሪ ባይሸሽ ለእኛ ይጠቅማል ወይስ ያስይዘናል? ሁለቱም ነው። ለዚህ ነው ክሩን እስከ መጨረሻው ያነበብኩት።

ያሬድ ዘሰሚት

ሩት፣ ጌታ ይጠብቃችሁ። ያልጠበቅኩት መልስ ነው የሰጠሽኝ።

ዘሚኒሶታ፣ አንድ ጥያቄ። መንግሥት እሳቸውን ብቻ ለምን አነጣጠረ? ሌሎች መሪዎችም ነበሩ።

ዘሚኒሶታ

የእኔ ግምት ነው፣ እንደ ግምት ውሰደው። በውጭ የሚሰሙ ሰው ነበሩ። ጄኔቫ ያውቃቸዋል፣ ስቶክሆልም ያውቃቸዋል። በዚያ ላይ ቤተ ክርስቲያኗ ከውጭ ገንዘብ ተላቅቃ በራሷ እንድትቆም ከ1967 ጀምረው ይጎተጉቱ ነበር። በእርዳታ የሚኖረውን ተቋም ዶላሩን ስትዘጋበት ይሞታል። በራሱ የሚቆመውን ግን መሪውን መግደል አለብህ። እሱም አልሠራም፤ ከሞታቸው በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት ሕንፃ ተወረሰ፣ በወለጋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፣ መካነ ኢየሱስ ግን ዛሬ በሚሊዮን የምትቆጠር ናት።

ባለሱቁ

ይሄን ሁሉ እቀበላለሁ። ሰውየው ግብዝ አልነበሩም፣ ሰማዕትነትም አላሳደዱም፣ ለቄሶቻቸው ያሉትን ራሳቸው አደረጉት። በጥያቄው ግማሽ ተሸንፌያለሁ በሉት። ግን ወይዘሮ ፀሐይ? ውሳኔው የባል ነው፣ እስሩ የሚስት ሆነ። ይህን በየሐምሌው መታሰቢያ ላይ ማንም አያነሳውም።

ሲፈን

ውሳኔው የባል ብቻ ነው ያልከው ከየት አምጥተህ ነው? ወይዘሮ ፀሐይ ራሳቸው አገልጋይ ነበሩ። በዚያች ማታ ከየት ሲወጡ ነው የተያዙት? ከቤተ ክርስቲያን። ቤታቸው ተቀምጠው አልነበረም። ባላቸው እንዲያ ሁለቴ ታስረው፣ ሦስተኛው እንደሚመጣ እያወቁ፣ አጠገባቸው ሄደዋል። ከታፈኑ በኋላም ወራት ነፃ ነበሩ፣ አዲስ አበባን ለቀው አልጠፉም። ከአሥር ዓመት እስር ወጥተውም እምነቴን ተውኩ አላሉም። አንተ እንደ ተጎጂ ብቻ ስታያቸው ለእሳቸውም አልፈረድክም። የታማኝ ሰው ሚስት ሳይሆኑ ራሳቸው ታማኝ ሰው ናቸው።

እትዬ አልማዝ

ሲፈን ልጄ፣ ተባረኪ። ያንን ለመናገር እየፈለግኩ በስልክ መጻፉ ደክሞኝ ትቼው ነበር።

ባለሱቁ

ሲፈን፣ ስለ ወይዘሮ ፀሐይ ልክ ነሽ፣ ወደዚያ አልመለስም። ልጆቹ ግን አልተጠየቁም። እኔ አራት ልጆች አሉኝ፣ ከዚህች ነጥብ ንቅንቅ አልልም።